ሙሉ ፓኬት፣ ግማሽ ሊትር ውኃ

ሰኔ ገብቶ ምንጩ በጎርፍ ሲደፈርስ፣ በጮቄ ተራራ ሥር ባሉ ጤና ጣቢያዎች ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት የሚታከሙበት ክፍል ተቅማጥ በያዛቸው ልጆች ይሞላል። ከእነዚህ ጤና ጣቢያዎች በአንዱ የደረሰውን እዚህ ማንሳት የፈለግነው ማንም ሳይሰንፍ የተፈጠረ ስሕተት ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት በየቤቱ በቀላሉ ይደገማል።

ልጁ የ14 ወር ነው፣ ክብደቱ 9 ኪሎ። ከዋዜማው ጀምሮ ያስቀምጠዋል። ሰገራው ደም የለውም፣ ትኩሳት የለውም፣ ጡቱን ይጠባል፤ የድርቀት ምልክትም አልታየበትም። ነርሷ ለእናትየዋ ሁለት ፓኬት ኦ አር ኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውኃና ጨው የሚተካ፣ ብዙው ሰው ለምለም የሚለውን ዱቄት) እና የዚንክ እንክብል ሰጠቻት። «አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠሽ ባስቀመጠው ቁጥር ስጪው። ገባሽ እታለም?» አለቻት። «አዎ፣ ገብቶኛል» ብላ ሄደች።

በማግስቱ እናትና አያት ልጁን ታቅፈው ተመለሱ። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ይነጫነጫል፣ ኩባያ ሲያይ እየተንጠራራ ይዞ አይለቅም። የሆዱ ቆዳ ሲቆነጠጥ ቶሎ አይመለስም። ተቅማጡም ብሶበታል። አያቱ «ግግ ነው የያዘው፣ ይውጣለት» (ድዱ ይቆረጥለት) ማለት ጀምረዋል። እናትየዋ ግን ለምለሙን አንድም ጊዜ አላቋረጠችም። ነርሷን ያሳሰባትም ይኸው ነበር፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እየጠጣ ጥሙ ለምን ይህን ያህል ባሰ?

«እስቲ የበጠበጥሽበትን ዕቃ አሳዪኝ» አለቻት። ከቋጠሮው የወጣው ግማሽ ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ነርሷ በማንኪያ ጠብ አድርጋ ስትቀምሰው ከእንባ ይበልጥ ጨው ጨው ይላል። እናትየዋ ሙሉውን ፓኬት በዚያው ጠርሙስ ነበር የበጠበጠችው። ቤት ውስጥ ሊትር የሚለካ ሌላ ዕቃ አልነበረም። አያትየዋም «ቀጥኖ ከሚሄድ ወፈር ብሎ ይበርታ ብዬ እኔው ነኝ ያልኳት ልጄ» አሉ።

ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። 20.5 ግራም የሚመዝነው ፓኬት 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ እና 2.9 ግራም ሲትሬት ይዟል። በ1 ሊትር ውኃ ሲሟሟ የሶዲየሙ መጠን በሊትር 75 ሚሊሞል ይሆናል። በዚህ ልክ ጨውና ግሉኮስ አብረው በአንጀት ግድግዳ ሲያልፉ ውኃውን ይዘው ወደ ደም ይገባሉ፤ ኦ አር ኤስ ሕይወት የሚያተርፈው በዚህ ነው። ውኃው በግማሽ ሲቀንስ ግን ሶዲየሙ 150 ይደርሳል፣ ጤነኛ ደም ውስጥ ካለው ከ135 እስከ 145 እንኳ ይበልጣል። ያኔ ሥራው ይገለበጣል። የወፈረው ፈሳሽ ውኃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፣ ተቅማጡ ይጨምራል፣ ደም ውስጥ ጨው ይከማቻል። ልጁ ይጠማዋል፣ ይነጫነጫል፤ ሲከፋ ይፈዛል፣ አንቀጥቅጦም ሊጥለው ይችላል። የጠማው ልጅ ያንኑ ወፍራም ፈሳሽ ደግሞ ሲጠጣ ደግሞ ይብስበታል።

ልጁ ስላልፈዘዘና መጠጣት ስለሚችል ወደ ኦ አር ቲ ኮርነር (ልጆች በጤና ጣቢያው ሆነው ኦ አር ኤስ የሚጠጡበት ቦታ) ተወሰደ። የጠርሙሱ ተደፋና ሁለተኛው ፓኬት በልኩ ተበጠበጠ። መጠኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ 75 ሚሊ ሊትር በ4 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ለ9 ኪሎ 675 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በሻይ ማንኪያ ሲታሰብ በየሁለት ደቂቃው ከአንድ ማንኪያ ትንሽ ይበልጣል። አንዴ ሲያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቀው ዝግ እያሉ ቀጠሉ፤ ጡትም በመሃል ይጠባ ነበር። አራት ሰዓቱ ሲሞላ ሸንቷል፣ ጥሙ ረግቷል፣ ቆዳውም ቶሎ መመለስ ጀምሯል።

ክፍሉ ከዚያ ወዲህ አሠራሩን ቀየረ፤ ለውጡ ለየትኛውም ጤና ኬላ ይበጃል ብለን እናምናለን። ገባሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ቀርቶ፣ ቤት ሆኖ የሚበጠብጠው ማን እንደሆነ ይጠየቃል። አያት ከሆኑ አያት ይጠራሉ። ከዚያ አስታማሚዋ ራሷ እዚያው እጇን ታጥባ ትበጠብጣለች። የራሷ ጆግ ወይም ጀሪካን ካላት በመለኪያ 1 ሊትር ይጨመርበትና ውኃው የደረሰበት ቦታ ላይ በምስማር ይጫርላታል። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ብቻ ካላት ሁለት ጊዜ ሞልታ ወደ ጆግ ትገለብጣለች። የሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ሊትርም፣ አንድ ሊትርም፣ ሁለት ሊትርም አለና «አንድ ሃይላንድ» ብሎ ማዘዝ አይበቃም። ሁለት ሊትር ውስጥ የገባ ፓኬት ደግሞ ይቀጥንና የወጣውን ጨው አይተካም።

ፓኬቱን ከፍሎ ግማሹን በግማሽ ሊትር መበጥበጥም አይመከርም። ዱቄቱ ውስጥ ጨውና ግሉኮሱ እኩል ስለማይሰራጭ አንደኛው ግማሽ ጨው ሊበዛበት ይችላል። ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ከተበጠበጠ በኋላ ግን አይፈላም፣ ስኳርም አይጨመርበትም። ተከድኖ ይቀመጥ፣ 24 ሰዓት ሲያልፈው ይደፋ። ከፋርማሲ የሚገዛ ሰው የፓኬቱን ጀርባ ይይ፣ ለሌላ የውኃ መጠን የተሠራም ይኖራል።

የድርቀት ምልክት የሌለው ልጅ ቤቱ ሆኖ ባስቀመጠው ቁጥር፣ ከ2 ዓመት በታች ከሆነ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይጠጣ። ለስላሳ መጠጥ አይተካውም፤ ስኳሩ በዝቶ እንደ ወፈረው ኦ አር ኤስ ውኃ ይስባል። ምግብም አይከልከል። ዚንኩ ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ በቀን አንድ ባለ 20 ሚሊ ግራም እንክብል፣ ከ2 እስከ 6 ወር ላለው ግማሽ እንክብል፣ በማንኪያ በእናት ጡት ወተት ወይም በንጹሕ ውኃ ሟሙቶ ለ10 ቀን ይሰጣል። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም ዚንኩ አይቋረጥም፤ ብዙ እናቶች የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው። ተቅማጥ የሚያቆም እንክብል ለሕፃን አይሰጥም።

ግግን በተመለከተ ለአያትየዋ የተነገራቸው ይህ ነው፦ «እማማ፣ ድዱ ቢቆረጥ ደም ይፈሰዋል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ተቅማጡ ግን አይቆምለትም።» በቁጣ አልተነገራቸውም፤ አያት የሚያደርጉት ለልጅ ልጃቸው አስበው ነውና።

ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ ሰገራው ደም ከቀላቀለ፣ ትኩሳት ከጨመረ፣ ለምለም እየጠጣም ዓይኑ ከጎደጎደ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ የበጠበጡበትም ዕቃ አብሮ ይምጣ።