በማንኪያ የሚበላ፣ ቀለሙን የጠበቀ ስሙዚ

መጀመሪያ ቀን እንጆሪውን፣ ማንጎውን፣ ኪዊውንና አንድ እፍኝ ስፒናች ከእርጎ ጋር አንድ ላይ ፈጭቼ ስሙዚ አደረግሁት። ባለ ብዙ ቀለም ሳህን ነበር ያማረኝ፤ የወጣልኝ ግን ቡናማ ነው፣ ያውም ቀጭን። ከላይ የደረደርኳቸው የእንጆሪ ቁራጮች ወዲያው ሰጠሙ።

ቅድሚያ የሰጠሁት ለውፍረቱ ነው። በረዶ ጨምሬ ሞከርኩ፤ ሲቀልጥ ያው ውሃ ሆኖ ጣዕሙንም አሳሳው። መቀዝቀዝ ያለበት ፍሬው ራሱ ነበር። አሁን ልጣጩ ጥቁር ነጠብጣብ እስኪያወጣ የበሰለ ሙዝ ከትፌ፣ ቁራጮቹ እንዳይጣበቁ ዝርግ ሳህን ላይ አራርቄ ደርድሬ፣ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረዋለሁ። እንዲህ በረዶ ሆኖ የደረቀ ሙዝ ሲፈጭ እንደ አይስክሬም ይለሰልሳል፤ ጣፋጭ ስለሆነም ስኳር አያስፈልገውም። እርጎውንም በስስ ጨርቅ ቋጥሬ ፍሪጅ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት አጠለዋለሁ። አጓቱ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚወፍር ያየሁ ቀን ሳላጠል መሥራት ተውኩ።

ለ2 ሰው 3 ሙዝና 1 ኩባያ የተጠለለ እርጎ ይበቃል። እርጎው ከታች፣ ሙዙ ከላይ ይገባል፤ ምላጩ መጀመሪያ ለስላሳውን ካገኘ ደረቁን እየሳበ ይፈጫል። እምቢ ካለ ብሌንደሩን አጥፍቼ በማንኪያ ወደ ታች እገፋዋለሁ። ወተት የምጨምረው የግድ ሲሆን ብቻ ነው፣ ከ2 የሾርባ ማንኪያ አይበልጥም። ብዙ ማስፈጨትም አልወድም፤ ሞተሩ ሲሞቅ ያቀልጠዋል።

ቀለሙን ያበላሸሁት ቀይና አረንጓዴውን በመቀላቀሌ ነበር። ስለዚህ ነጩን የሙዝና የእርጎ ፍጭ ሦስት ቦታ ከፍዬ ተራ የሚጠብቁትን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። አንዱን በበረደ ማንጎ እፈጨዋለሁ፤ ቢጫ ይሆናል። ቀጥሎ ስፒናቹ ይገባል፤ የብሌንደሩ ማሰሮ ላይ የቀረ ቢጫ አረንጓዴውን ስለማይጎዳው መታጠብ አያሻውም። ለሦስተኛው ግን በደንብ አጥቤ አንድ የአውራ ጣት የምታህል የተቀቀለች ቀይ ሥር ከእንጆሪ ጋር እጨምራለሁ። እንጆሪ ብቻውን በእርጎ ውስጥ ይገረጣል፣ ቀይ ሥሯ ታደምቀዋለች፤ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነች ደግሞ ጣዕሟ አይሰማም።

የኪዊው ነገር ብዙ አስቸግሮኛል። ፍሪጅ ውስጥ ያቆየሁት ስሙዚ ደጋግሞ ስለመረረኝ እርጎው ተበላሽቶ መስሎኝ ደፍቼዋለሁ። ለካ ጥሬ ኪዊ የወተትን ፕሮቲን የሚሰባብር ኢንዛይም አለው፤ በቆየ ቁጥር ምሬቱ ይጨምራል። ጥሬ አናናስና ፓፓያም እንዲሁ ናቸው። የታሸገ አናናስ ግን ሲዘጋጅ ሙቀት ኢንዛይሙን ስለሚያጠፋው ችግር የለበትም። ኪዊን በጣም ስለምወደው አልተውኩትም፤ ከትፌ ልንበላ ስንል ከላይ አደርገዋለሁ።

ጎድጓዳ ሳህኑን አስቀድሜ ለ15 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ አቆየዋለሁ። ሦስቱን ቀለሞች ከሦስት አቅጣጫ አፍስሼ በማንኪያ ጫፍ መሃሉን አንድ ጊዜ ብቻ እስባለሁ። ሁለተኛ ከሳብኩት ወደ ቡናማው ይመለሳል። ከዚያ ኪዊው፣ እንጆሪው፣ በመጨረሻም የተቆላ ለውዝ፤ ለውዙ እርጥበት ሳያገኘው ጥርስ ላይ ሲሰበር ነው የሚጥመው።