ቱርክ ቱሪዝም ስማር ቅንድቤ ያመጣብኝ ጣጣ

ቱርክ ቱሪዝም መማር እንዴት ነው ለምትሉኝ የኔን ልንገራችሁ። የሄድኩት በመንግስታቸው ስኮላርሺፕ ነው፣ የመጀመሪያው አመት ሙሉ ቋንቋ ብቻ ነው፣ ቶመር (የቱርክኛ ማስተማሪያቸው ነው) ትገቡና ሲ 1 የሚባለው ከፍተኛ የቋንቋ ደረጃ ሳትደርሱ ዲፓርትመንት አትጀምሩም። እኔም ሰርተፍኬቴን ስይዝ በቃ ቋንቋው አለቀ ብዬ ነበር፣ ክረምት ላይ አንታሊያ ከተማ አንድ ሆቴል ለስታጅ (አፓረንት እንደምንለው) ስወጣ ነው ጉድ የፈላው።

እኛ አገር አዎ ለማለት ቅንድባችንን ከፍ አድርገን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርግ የለ? እዛ ቅንድብ ከፍ ማድረግ "የለም" ነው፣ አንዳንዴ በምላሳቸው "ጭ" ያደርጉበታል። ቁርስ ላይ አንዲት ትልቅ ሴትዮ "ሻይ አለ ልጄ?" አሉኝ፣ እኔ በቅንድቤ መለስኩ፣ ሄዱ። ትንሽ ቆይተው መጥተው ደግመው ጠየቁኝ፣ እኔም ያንኑ ደገምኩት፣ ሻዩ ደግሞ ከጀርባዬ ይንተከተካል! ተቀይመው ለአለቃዬ ነገሯት። ኩሽና የምትሰራ አንዲት አብላ (እንደኛ እትዬ በሏት) ናት ቁጭ አድርጋ ያስረዳችኝ። ሴትዮዋን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ ከዛ ወዲህ "ኤቬት" (አዎ) ብዬ በአፌ ካልመለስኩ አላምንም።

ቀላል የሆነልኝም አለ። ምግብ ለሰራ ሰው "ኤሊኒዜ ሳሊክ" ይላሉ፣ የኛው እጃችሁ ይባረክ ማለት ነው፣ እሱን ስላቸው ፊታቸው ነው የሚበራው።

ሁለተኛ አመት ላይ ለትምህርት ጉዞ ካፓዶቅያ ወሰዱን፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ቀጰዶቅያ የምትባለዋ። እዛ ጎሬሜ የሚባለው ቦታ ያሉት ከአለት የተፈለፈሉ ቤተክርስቲያኖች በ1985 እ.ኤ.አ. ነው ዩኔስኮ የመዘገባቸው፣ የኛ ላሊበላ በ1978 እ.ኤ.አ.። አስጎብኚው በጣም ጎበዝ ስለነበር እኔም እዚሁ ጋይድ እሆናለሁ አልኩ፣ አስተማሪዬ ግን በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የአስጎብኚዎች ህግ ፈቃድ የሚሰጠው ለቱርክ ዜጋ ብቻ ነው አለችኝ። ይሄን ሳትጠይቁ ዲፓርትመንት እንዳትመርጡ፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ጎሬሜ ሙዚየም ነው፣ ቲኬት ቆርጣችሁ ትገባላችሁ። ለክላሱ ላሊበላ 11 ቤተክርስቲያን አለ፣ ጫማ ይወለቃል፣ ቅዳሴው ዛሬም አልተቋረጠም ብዬ ስነግራቸው አንዱ "ታዲያ ቱሪስቱ ሲገባ የሚጸልየው ሰው አይረበሽም?" አለኝ። ዝም አልኩ፣ እዛው ተወልጄ አድጌ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። መመረቂያ ጽሁፌን የሰራሁት በሱ ጥያቄ ላይ ነው።