ጠባቧን ክፍል በትንሽ ብር የእንግዳ መኝታ ያደረግንበት መንገድ

አዲስ አበባ ቤት ያለው ሰው እንግዳ የሚመጣበትን ምክንያት በቃሉ ያውቀዋል። አንዱ ለሠርግ፣ አንዱ ለፓስፖርት፣ አንዱ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ይመጣል። እኛ ቤት ግን በብዛት የሚመጡት ለሕክምና ነው። የእኔ ዘመዶች ጎጃም ናቸው፣ የባለቤቴ ደግሞ ወሎ። የሪፈር ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ ምርመራ ይታዘዛል፣ ከዚያ ውጤት ይጠበቃል፣ ከዚያ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል። ለሦስት ቀን ብሎ የመጣ ሰው ወር ሊቆይ ይችላል።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፣ ባለ ሁለት መኝታ። ልጃችን ገና ከእኛ ጋር ነው የምትተኛው። እንግዳ ለረጅም ጊዜ የሚያድረው ሳሎን ነበር። ማታ ፍራሽ ይዘረጋል፣ ጠዋት ይጠቀለላል። ሳሎን የሚተኛ ሰው ቴሌቪዥኑ እስኪጠፋ ይጠብቃል። ሌሊት 10 ሰዓት ለጸሎት ቢነሳ መብራት ማብራት ይከብደዋል። ከሐኪም ቤት ደክሞት ሲመለስ ደግሞ ቀን ጋደም የሚልበት ቦታ የለውም። ሁለተኛዋ ክፍል ግን ጤፍ፣ ጀሪካን፣ የተበላሸ ፍሪጅና የማይለበስ ልብስ ታቅፋ ተቀምጣለች። 2.40 በ2.70 ሜትር ናት። ጠባብ ናት፣ ግን ለአንድ ሰው ትበቃለች።

ከመጀመራችን በፊት ከባለቤቴ ጋር አንድ ነገር ተስማማን። የእኛ ሰው እንግድነት ሲመጣ ይሉኝታው ይበዛል። «እንዴት አደሩ?» ስትሉት መልሱ ሁልጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። በርዶት አድሮም፣ ውሃ ጠምቶት አድሮም፣ ወገቡን ሲያመው አድሮም ያው ነው። «ብርድ ልብስ ጨምሩልኝ» የሚል እንግዳ እኛ ቤት ገጥሞኝ አያውቅም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወጪ የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ሆነ፦ ይህ ነገር እንግዳው ሊጠይቀን የሚያፍርበትን ነገር ያስቀርለታል ወይ? ካስቀረ ይገዛል። ካላስቀረ ይቆያል። ይህ መመዘኛ ኪሳችንን በጣም አተረፈልን። የሚያማምሩ ትናንሽ ትራሶችና የግድግዳ ጌጦች ወዲያው ከዝርዝሩ ወጡ።

ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ቁጥር ብጽፍላችሁ ነገ አይሠራም። ድርሻውን ግን ልንገራችሁ። ካወጣነው ገንዘብ ከግማሽ በላዩ ፍራሽ ላይ ነው ያለቀው። ሁለተኛው ጋቢ ነው። ከዚያ ቀለም። የቀረው ሁሉ ተደምሮ የቀለሙን ያህል አይሆንም።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ምንም ያልተከፈለበት ሥራ ነው፤ ዕቃ ማውጣት። ፍሪጁን ለቆራሊዮ ሸጥነው። ልብሱን ለሚለብሰው ሰጠን። ጤፉ ወደ ማእድ ቤት ገባ። ሻንጣና ወቅቱን የሚጠብቅ ዕቃ አልጋ ሥር መቀመጥ ይችላል፤ ሽታ ያለው ነገር ግን ፈጽሞ አይቻልም። በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ላምባ ባለበት ክፍል አስም ያለበት ሰው አያድርም። ደግሞም በርበሬው ወጥቶ ሽታው ቶሎ አይለቅም። እኛ መስኮትና በር ከፍተን ብዙ ቀን አናፈስናት።

ግድግዳው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን እዚህ ላይ ነው የሚያባክነው። ክፍሏ ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር ግድግዳ ትጋራለች። በየክረምቱ ታች በኩል ሻጋታ ይወጣ ነበር። ሻጋታ ላይ ቀለም መቀባት ብር መጣል ነው፣ ተመልሶ ቀለሙን ሰንጥቆ ይወጣል። መጀመሪያ ርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ መታወቅ አለበት። ቧንቧ ሠራተኛ ጠርተን አየነው፣ መጋጠሚያው ላይ ቀስ እያለ የሚያንጠባጥብ ነገር ነበረ። እሱ ከተዘጋ በኋላ የላላውን ቀለም ፋቅነው፣ በውሃ በቀጠነ በረኪና አጠብነው፣ ከዚያ እስኪደርቅ ተውነው። እዚህ ላይ አደራ፦ በረኪና ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በፍጹም አይቀላቀል። ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። በረኪና ስትጠቀሙም መስኮት ይከፈት።

ቀለሙን በኅዳር ቀባነው። ዝናብ የለም፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ግድግዳው በደንብ ይደርቃል። አንድ ሊትር ቀለም አንድ ጊዜ ሲቀባ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ግድግዳችሁን ለክታችሁ፣ የበርና የመስኮቱን ቀንሳችሁ፣ ሁለት እጅ እንደሚቀባ አስባችሁ ብትገዙ አይተርፍም፣ አያንስምም። የመረጥነው ክሬም ነው። ነጭ ለጠባብ ክፍል ጥሩ ነው ይባላል፤ ለእኔ ግን ነጭ ክፍል ሐኪም ቤት ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ ሐኪም ቤት ውሎ ለሚመጣ ሰው ክሬም ይሻላል።

አልጋውን ያገለገለ ገዛን። ከእኛ ብሎክ ቤት የሚለቁ ሰዎች የሸጡት የሜትር ከሃያ የእንጨት አልጋ ነው። ያገለገለ አልጋ ስትገዙ ትኋን ፈልጉ። መጋጠሚያዎቹንና የብሎን ቀዳዳዎቹን በባትሪ እዩ። ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት፤ ትኋን ሳይመገብ ወራት መቆየት ይችላል። የእኛው ንጹሕ ነበር፤ ያም ሆኖ ፈታተን የፈላ ውሃ አፈሰስንበት፣ ፀሐይ ላይ አዋልነው። ፍራሽ ግን ያገለገለ አይገዛም። በዚህ አልደራደርም።

ስፖንጅ ፍራሽ ስትመርጡ ውፍረቱ አያታላችሁ። ዋናው የስፖንጁ ጥግግት ነው። ወፍራም ሆኖ ቀላል የሆነ ፍራሽ ቶሎ ይሰረጉዳል፣ ከዚያ ወገብ ይጎዳል። አንዱን ጫፍ ብድግ አድርጉና ክብደቱን እዩ። ከዚያ በጉልበታችሁ ተጫኑት። ወለሉ ጉልበታችሁን ከነካው አያዋጣም። እኛ ሱቁ ውስጥ ካሉት ወፍራሙን ትተን ቀጠን ያለውን ከባድ ፍራሽ ነው የወሰድነው።

የአልጋው ከፍታም ጉዳይ ነው። ጉልበት የሚያመው ሰው ከዝቅተኛ አልጋ ሲነሳ ይሰቃያል። አናጺ በእግሮቹ ሥር እንጨት ጨመረበትና ፍራሹን ጨምሮ 50 ሳንቲሜትር ገደማ ሆነ። ጎልማሳ ሰው ተቀምጦ እግሩ መሬት የሚነካበት ከፍታ ነው። አልጋውን ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ አድርገነዋል፣ አየር እንዲያልፍ።

ከአንሶላው ሥር ውሃ የማያሳልፍ የፍራሽ ልብስ አለ። ይህን ሐሳብ የሰጠችኝ ጓደኛዬ ናት፣ ነርስ ነች። የታመመና ያረጀ ሰው ሌሊት ሊያመልጠው ይችላል። ያኔ የሚሰማው ሐፍረት ከሕመሙ ይብሳል። ስለዚህ ልብሱ ለሁሉም እንግዳ፣ ለወጣቱም ለሽማግሌውም፣ ሁልጊዜ እዚያው ነው። ለአንድ ሰው ተብሎ የሚነጠፍ ነገር ያሳቅቃል። ለሁሉም የተነጠፈውን ግን ማንም ልብ አይለውም።

ስለ ብርድ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ከደብረ ብርሃን የመጣ ሰው ላይሰማው ይችላል። ከመተማ ወይም ከድሬዳዋ የመጣ ሰው ግን በታኅሣሥ ሌሊት ይንቀጠቀጣል። ከፋብሪካ ወፍራም ብርድ ልብስ ይልቅ ከሽሮ ሜዳ ሁለት ጋቢ ገዛን። ጋቢ አራት እጥፍ ጥጥ ነው፣ ይሞቃል፣ አየር ያሳልፋል፣ ይታጠባል። እንግዳው ጠዋት ሲነሳም ለብሶት ወደ ሳሎን ይወጣል። ሁለት ያደረግነው የበረደው እንዲደርብ፣ የሞቀው እንዲያነሳ ነው። ሁለቱም ከግርጌ ታጥፈው በግልጽ ይቀመጣሉ። ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ጋቢ ለእንግዳ እንደሌለ ይቆጠራል፤ የሰው ቁም ሣጥን ማን ይከፍታል?

የክፍሏ መስኮት በጋራ ኮሪደሩ በኩል ነው። ጎረቤት ባለፈ ቁጥር ጥላው ይታያል። ስለዚህ መጋረጃው ወፍራም መሆን ነበረበት። ዝግጁ የሚሸጠው ተወደደብን። ርካሽ ጨርቅ ገዝተን ከኋላው አቡጀዲ አስደርበን ልብስ ሰፊ ሰፋልን። በሩ ላይ ከውስጥ የሚዘጋ ትንሽ መቀርቀሪያ አስገጠምን። ከሁሉም ርካሹ ይህ ነው፣ ግን ልብስ ለመቀየር ለሚሳቀቅ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ የሌሊቱ ጉዳይ አለ። የክዳን ጆግና ብርጭቆ ራስጌ ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋ የሚሆን ባትሪ በር አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፣ በጨለማም በእጅ ይገኛል። ሶኬቱ ከአልጋው ጀርባ ስለነበር በማከፋፈያ ገመድ ወደ ራስጌ አወጣነው፤ ቻርጀርም ሁለት ዓይነት አለ፣ ለአዲሱም ለአሮጌውም ስልክ። አምፖሉን ወደ ቢጫ የሚያደላ አደረግነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ለእንግዳው ብቻ የተሞላ ባልዲና መቅጃ አለ። እንግዳው ሲገባ አንድ ጊዜ ዞር ዞር አድርገን እናሳየዋለን። ከዚያ በኋላ መጠየቅ የለበትም።

ግድግዳው ላይ ምስማር ሳይሆን በፊሸር የታሰረ ማንጠልጠያ አለ። ብሎኬት ምስማር አጥብቆ አይዝም፣ ጋቢና ካፖርት ሲከብደው ይወድቃል። ከማንጠልጠያው ሥር አንድ ወንበርና ጠባብ መደርደሪያ አሉ። መደርደሪያው የተሠራው ለራጅ ፖስታ፣ ለቀጠሮ ካርድና ለመድኃኒት ነው። ታማሚ ወረቀቱን ትራስ ሥር ወይም ሻንጣ ውስጥ ሲያስቀምጥ ይታጠፍበታል፣ ቀጠሮ ቀን ሲፈልግም ያጣዋል። ከላይኛው ረድፍ ላይ ሥዕለ አድኅኖ አለ። በወሎ በኩል ሙስሊም ዘመዶችም ስላሉን የታጠፈ መስገጃ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። እነሱ ሲመጡ አውጥተን አልጋው ላይ እናደርገዋለን። ከአዲስ አበባ ቂብላ ወደ ሰሜን ነው፣ በጥቂቱ ብቻ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። አቅጣጫውን ቀድመን እንነግራቸዋለን። ለጌጥ ያለው አንድ ነገር እናቴ የሰፋችው ሰፌድ ነው፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ገጠር ያደገ ሰው እሱን ሲያይ ፊቱ ይፈታል።

የጎደለውን የምናውቀው በልጃችን በኩል ነው። እንግዳ ለእኔ የማይለውን ለሕፃን ይላል። አክስቴ ለዓይን ሕክምና መጥተው ሳለ በየጠዋቱ «እትዬ፣ እንዴት አደሩ? አልበረደዎትም?» እላቸው ነበር። «ኧረ ደኅና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ልጄ ግን ማታ መጥታ «እማማ እግራቸውን ይበርዳቸዋል፣ ለእናትሽ አትንገሪ ብለውኛል» አለችኝ። የሱፍ ካልሲ ገዝቼ ጋቢው ላይ አስቀመጥኩ፣ ምንም አላልኩም። ከዚያ ወዲህ አዲስ ካልሲ የክፍሏ ዕቃ ሆኗል። እንግዳው ይዞት ይሄዳል፣ ለሚቀጥለው ሌላ ይገዛል። ወንበሩም ልጄ ከነገረችኝ በኋላ ነው የገባው። አንድ የባለቤቴ አጎት ጫማቸውን ለማሰር አልጋው ላይ ቢቀመጡ አንሶላውን የሚያቆሽሹ መስሏቸው ይቸገሩ ነበር።

አሁን ዋናው ሥራ ክፍሏ ተመልሳ ዕቃ ቤት እንዳትሆን መጠበቅ ነው። እንግዳ ሲሄድ አንሶላው ወዲያው ይታጠባል፣ ጋቢው ፀሐይ ይመታል፣ መስኮቱ ይከፈታል። አልጋው ላይ ያልታጠፈ ልብስ መጣል ክልክል ነው። የቀረን መስኮቱ ነው። ፍሬሙ ከግድግዳው ጋር በደንብ ስላልገጠመ በታች በኩል ንፋስ ይገባል። ለጊዜው ጨርቅ ጠቅልለን ዘግተነዋል፣ ከሰኔ በፊት በሲሊኮን እናስደፍነዋለን።