ሁለቱ «ኢሚስ»

ከቁስጥንጥንያ ወደ ጣሊያን የተሰደደው የግሪክኛ መምህር ቆስጠንጢኖስ ላስካሪስ ሲነሳ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ስደቱ ሳይሆን «ኢሚስ» የሚለው ቃል ነው። በጥንቱ ግሪክኛ «እኛ» ማለት ነው፤ «እናንተ» ማለትም ነው። ሲጻፍ «እኛ» በኢታ፣ «እናንተ» በኢፕሲሎን ይጀምራል። ላስካሪስ ባደገበት የቁስጥንጥንያ አነባበብ ግን ሁለቱም ፊደላት «ኢ» ናቸው። ዮታም «ኢ» ነው፤ በዚያ ላይ ሁለት ፊደል ተጣምሮ «ኢ» የሚባልበት ቦታ አለ። ግእዝ የተማረ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፦ ሠረቀ ሲል ፀሐይ ወጣች፣ ሰረቀ ሲል ሌባ መጣ።

እንግዲህ በአፍ የተካነው መምህር ቃል ጠርቶ ሲያስጽፍ የራሱ አፍ ያሳስትበታል። መፍትሔው ግሥ ነው። «ኢሚስ ግራፎሜን» ከተባለ እንጽፋለን፣ «ኢሚስ ግራፌቴ» ከተባለ ትጽፋላችሁ። ተውላጠ ስሙን ከግሡ ለይቶ ማስጠናት ድካም ብቻ ነው።

ላስካሪስ ቁስጥንጥንያ በ1453 በቱርኮች እጅ ስትወድቅ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም። ሚላኖ ላይ የመስፍኑን ልጅ ኢፖሊታ ስፎርዛን አስተማረ፤ ከ1466 እስከ ሞተበት 1501 ድረስ ሲሲሊ፣ ሜሲና ተቀመጠ። አጭር ሰዋስው መጽሐፉ ጥር 30 ቀን 1476 ሚላኖ ላይ ታተመ፤ ቀኑ ተጽፎበት ሙሉ በሙሉ በግሪክኛ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ለአታሚ ግሪክኛ ፈተና ነው። ሁለት የትንፋሽና ሦስት የድምፅ ምልክቶች አናባቢ ላይ ስለሚወጡ፣ አልፋ ብቻዋን ከነባዶዋ 12 መልክ ይኖራታል።

የበለጠ የምወደው ግን አታሚው አልዱስ ማኑቲዩስ ይህንኑ ሰዋስው በ1495 ቬኒስ ላይ ያወጣበትን እትም ነው። የታረመውን ቅጂ ከሜሲና ያመጡለት እዚያ ላስካሪስ ዘንድ የተማሩት ጣሊያናዊው ምሁር ፒየትሮ ቤምቦና ጓደኛው ናቸው። ለንባብ መለማመጃ «አባታችን ሆይ»፣ ጸሎተ ሃይማኖትና የዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ ገብተውበታል። የእኛ ንባብ ቤት ተማሪ ከፊደል ቀጥሎ የዮሐንስን መልእክት መያዙን ያስታውሰኛል። ምርጫው ብልህ ነው፤ ተማሪው ጸሎቶቹን በላቲን በቃሉ ስለሚያውቃቸው ትርጉም ፍለጋ አይደክምም፣ ዓይኑ ፊደሉ ላይ ይውላል።

በዚህ እትም የላቲን ትርጉሙ ከግሪክኛው ፊት ለፊት መቀመጡ ግን ለሰነፍ መደበቂያ ነው። ዓይን ወደሚያውቀው ያደላል፤ ስለዚህ ላቲኑን በወረቀት ሸፍኖ ግሪክኛውን ጮክ ብሎ መጨረስ፣ ከዚያ ወረቀቱን ማንሳት።