ሞንስቴራዬ ምሰሶ ከያዘ ወዲህ

ቤት ውስጥ የማሳድገው ሞንስቴራ የተባለው ተክል አዲሱ ቅጠሉ ተዘርግቶ አለቀ። ከጠርዙ ወደ ውስጥ የገቡት ስንጥቆች ከቀደሙት ሁሉ ጠለቅ ያሉ ናቸው፤ ከመሃል ጅማቱ ግራና ቀኝ ደግሞ በዚህ ተክል ላይ አይቻቸው የማላውቅ ትንንሽ ሞላላ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ይህን ለውጥ ብቻዬን ይዤ መቀመጥ ስላልቻልኩ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ።

ሞንስቴራ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ «የእኔው ቅጠል ለምን ቀዳዳ ሳያወጣ ድፍን ሆኖ ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል። ቅጠሉ ከተዘረጋ በኋላ ቀስ በቀስ የሚቀደድ የሚመስላቸውም ብዙ ናቸው። ነገር ግን ቀዳዳዎቹ የሚፈጠሩት ቅጠሉ ገና እምቡጥ ሆኖ፣ ተጠቅልሎ ሳለ ነው። በዚያ ጊዜ በተወሰኑ ነጥቦች ላይ ያሉ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ይህም ጉዳት ሳይሆን የተክሉ የራሱ ሥርዓት ነው። የመርፌ ጫፍ የምታክለው ክፍተት ቅጠሉ ሲያድግ አብራው ትሰፋለች። ስለዚህ ድፍን ሆኖ የወጣ ቅጠል ዕድሜውን ሙሉ ድፍን ሆኖ ይኖራል። የዛሬ እንክብካቤያችን የሚታየው ገና ባልወጡት ቅጠሎች ላይ ነውና፣ እኔም የተክሌን ሁኔታ የምመዝነው ሁልጊዜ በመጨረሻው ቅጠል ነው።

ለዚህ ቅጠል ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ለምሰሶው ነው። ሞንስቴራ ዴሊሲዮሳ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ባለው ጫካ ውስጥ የዛፍ ግንድ ይዞ የሚወጣ ተክል ነው። መሬት ላይ ሳለ ቅጠሎቹ ትንንሽና ድፍን ናቸው፤ ግንድ ይዞ ወደ ብርሃን በወጣ ቁጥር ይሰፋሉ፣ ይሰነጠቃሉ። ክሪስቶፈር ሚዩር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ ቀዳዳዎቹ ተክሉ በዚያው በያዘው የቅጠል መጠን ሰፋ ያለ ቦታ እንዲሸፍን ያስችሉታል፤ በጫካው ጣሪያ አልፎ እዚህም እዚያም የሚያርፈውን የፀሐይ ፍንጣቂ ይበልጥ ሳያቋርጥ ያገኛል ማለት ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ተክሌ ወለሉ ላይ እንዲንሰራፋ መተው አላስቻለኝም።

ምሰሶው የኮኮናት ቃጫ የተጠቀለለበት ነው። ከመትከላችሁ በፊት የግንዱን ፊትና ጀርባ ለዩ፤ ቅጠሎቹ የሚያዩበት ወገን ፊቱ፣ የአየር ሥሮች የሚወጡበት ደግሞ ጀርባው ነው። ምሰሶው ከጀርባ ካልቆመ ሥሩ ሊይዘው አይችልም። ለስለስ ባለ ጨርቅ የማስረው ግንዱን ብቻ ነው። የቅጠሉ ዘንግ መታሰር የለበትም፤ ብርሃን ፍለጋ መዞር አለበትና። ዘንጉና ቅጠሉ የሚገናኙበትን ቦታ በጣታችሁ ብትዳስሱት ወፈር ያለ መታጠፊያ ታገኛላችሁ። የአበባ መትከያውን አዙሬ ባስቀመጥኩት ጊዜ ቅጠሎቹ በዚህ መታጠፊያ ላይ እየተጠማዘዙ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ቃጫው ደረቅ ከሆነ ምሰሶው ከዱላ አይሻልም። እኔ ከአናቱ ውኃ ቀስ እያልኩ አወርድበታለሁ። ቃጫው እርጥበት መያዝ ከጀመረ ወዲህ የአየር ሥሮቹ ጠባይ ተለወጠ፤ ቡናማና ደረቅ ሆኖ የተንጠለጠለው ሥር ጫፉ ነጣ ብሎ ለመለመ፣ ጎን ለጎን ጸጉር መሳይ ቀጫጭን ሥሮች አውጥቶ ቃጫው ውስጥ ገባ። አሁን ብስበው አይነቀልም።

ብርሃን ከምሰሶው ባልተናነሰ ይወስናል። ተክሉ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ግን ደማቅ መስኮት አጠገብ ነው። በአጉሊ መነጽር የተሰበሰበ ያህል የሚያቃጥል ፀሐይ ቅጠሉን ይጠብሰዋል፤ ጨለማ ጥግ ደግሞ ግንዱን ያስረዝምና ቅጠሉን ያሳንሳል። ሙቀቱ ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በደንብ ያድጋል።

ስለ ውኃ ብዙ ተብሏልና አጭር ላድርገው። ቀን ቆጥሬ አላጠጣም፤ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከትቼ የላይኛው ክፍል ሲደርቅ ብቻ፣ ከሥር እስኪፈስ አጠጣና የተጠራቀመውን እደፋለሁ። ሥር የሚበሰብሰው አፈሩ ሁልጊዜ ረጥቦ አየር ሲያጣ ስለሆነ የአፈር ድብልቁ ውስጥ የዛፍ ቅርፊትና ፐርላይት የሚባለው ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ አለበት። ጠዋት በቅጠል ጫፍ ላይ ጠብታ ብታዩ አትደንግጡ፤ ሥሩ ሌሊት የሳበው ትርፍ ውኃ ነው። ይልቅ የሚያስፈራው ትሪፕስ የሚባለው የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ነው። ቅጠሉ ላይ ብርማ ጠባሳና ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ካያችሁ ተክሉን ወዲያው ከሌሎች ለይታችሁ የቅጠሎቹን ጀርባ ጥረጉ፤ እኔ አቧራ ስጠርግ ጀርባውን ሳላይ አላልፍም። ሕፃናት፣ ድመት ወይም ውሻ ያላችሁም ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ቅጠሉና ግንዱ ውስጥ ያሉት የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች አፍና ጉሮሮ ያቃጥላሉ።

አሁን ተክሉ የምሰሶውን አናት ሊያልፍ ተቃርቧል። ከላይ ሌላ ምሰሶ መቀጠል ይቻላል፤ እኔ ግን አናቱን ቆርጬ ሌላ ተክል ላወጣበት አስቤአለሁ። የምቆርጠው ቢያንስ አንድ አንጓ (ቅጠል ከግንዱ የሚወጣበት መጋጠሚያ)፣ ከተቻለም የአየር ሥር ያለበትን ክፍል ይዤ ነው። አንጓ የሌለው ቅጠል ውኃ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ለምልሞ ቢቆይም አዲስ ቀንበጥ አያወጣም። በታችኛው ግንድ ላይ ከሚቀሩት አንጓዎች የትኛው ቀድሞ እንደሚያቆጠቁጥ አይቼ እጽፍላችኋለሁ።