ጳጉሜን 6ን ሳያልፍ አይለቀቅ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለ ፔንሲዮን የአልጋ ቦታ በኢንተርኔት ሲያዝለት ቀኑ በፈረንጆች ይመጣል፤ ደሞዝና የቤት ሒሳብ ግን በእኛው አቆጣጠር ነው። የፈረንጆቹን ቀን ወደ እኛው የሚቀይር፣ ከተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት) የሚሠራ የፓይተን ፕሮግራም መጻፍ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ማስኬዱ ነው ጣጣው።

ኮዱን «ኤስአርሲ» በሚባል ንዑስ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ዋናው ፎልደር ላይ ከተዋችሁት ቴስቱ (ኮዱን የሚፈትነው ፕሮግራም) የሚያየው የተጫነውን ፓኬጅ (ለሌላ ሰው የሚሰጠውን ጥቅል) ሳይሆን አጠገቡ ያለውን ኮድ ሊሆን ይችላል፤ የወር ስሞች ፋይል ፓኬጁ ውስጥ ባይገባ እንኳ ሁሉም ያለፈ ይመስላል። ስም፣ ቨርሽንና የትዕዛዙ መጠሪያ «ፓይፕሮጀክት ዶት ቶምል» በሚባለው የፕሮጀክቱ ማዋቀሪያ ፋይል ላይ ይጻፋሉ።

ስሌቱን የሚፈትነው ዳር ዳሩ እንጂ መሀሉ አይደለም። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ስለዚህ ጳጉሜን 6፣ 2015 መቀበል አለበት፤ ጳጉሜን 6፣ 2016 ደግሞ ስህተት ነው መባል አለበት። መስከረም 1፣ 2016 ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ላይ ሲውል፣ የ2017ቱ ሴፕቴምበር 11፣ 2024 ላይ ይውላል። የካቲት 21፣ 2016ም ፌብሩዋሪ 29፣ 2024 መሆኑን አትዝለሉ፤ የአንድ ቀን ልዩነቱ የሚስተካከለው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ 1461 ተከታታይ ቀናትን፣ ማለትም ሙሉ አራት ዓመትን፣ ቀይሮ መልሶ የሚያመሳክር ቴስት ጨምሩ። የሁለቱን አቆጣጠሮች ልዩነት በሠንጠረዥ የያዘ ሰው እ.ኤ.አ. 2100 ላይ ይሳሳታል፣ ምክንያቱም በፈረንጆቹ ያ ዓመት ፌብሩዋሪ 29 የለውም።

ቀኑ የተሳሳተ ከሆነ መልእክቱ ከውጤቱ ተለይቶ በስህተት መውጫው (stderr) በኩል ይውጣ፣ ፕሮግራሙ ሲያበቃ የሚመልሰው ቁጥር (የመውጫ ኮዱ) ከዜሮ የተለየ ይሁን። አለበለዚያ ፕሮግራሙን የሚጠራው ስክሪፕት የስህተት መልእክቱን እንደ ቀን ቆጥሮ ይመዘግበዋል።

ሊኑክስ ላይ ብቻ የሚሠሩ ሰዎች የሚረሱት ዊንዶውስን ነው። «መስከረም» ስክሪን ላይ ያለ ችግር ይወጣል (ፎንቱ ከሌለ ሳጥን ሳጥን ይሆናል እንጂ)፤ ውጤቱን ወደ ፋይል ስታዞሩት ግን ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ፓይተን እዚያ የሚጠቀመው የሲስተሙን የቆየ ኢንኮዲንግ (ፊደላት በቁጥር የሚጻፉበትን ስልት) ስለሆነ ፊደላችንን አያውቀውም። ፕሮግራሙ ሲነሣ የውጤት መውጫውን ፊደላችንንም ወደሚያውቀው ኢንኮዲንግ፣ ወደ ዩቲኤፍ-8፣ ቀይሩት።

ፓይፒአይ (የፓይተን ፓኬጆች የሚለቀቁበት ድረ ገጽ) ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት የዊል ፋይሉን (ለመጫን የተዘጋጀውን የፓኬጁን ፋይል) ገንብታችሁ ባዶ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ከሌላው የተለየ የፓይተን ማስኬጃ) ውስጥ፣ ከፕሮጀክቱ ፎልደር ወጥታችሁ ሞክሩት። ቀጥሎ ለሙከራ በተዘጋጀው ቴስት ፓይፒአይ ላይ፤ አካውንቱም ቶክኑም (የመግቢያ ቁልፉ) ከዋናው የተለየ ነው። አንዴ የወጣን ፋይል ብታጠፉት እንኳ በዚያው ስምና ቨርሽን መልሳችሁ መልቀቅ አትችሉም፤ 0.1.0 ከተበላሸ 0.1.1 ነው።

ዳታ ለሌለው ሰው ዊሉን በፍላሽ ስጡት፤ ሌላ ላይብረሪ ካልጠራችሁ ያለ ኢንተርኔት ይጫናል። ከተጫነ በኋላ «ትዕዛዙ አልታወቀም» ካለው የፓይተኑ «ስክሪፕትስ» ፎልደር «ፓዝ» (ሲስተሙ ትዕዛዝ የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ውስጥ የለም ማለት ነው።