ምንጭ ቁጥር 3

ደንበኛው አልተሳደበም። ቢሳደብ ይሻለን ነበር። የላከው ኢሜይል ሁለት መስመር ነው፦ «የነገራችሁኝን ለቴክኒሻኔ አሳየሁት። እስካሁን እየሳቀ ነው።»

ነገሩ የኤሲ ነው። ሰውዬው ያለው ሙቀት በፋራናይት በሚለካበት አገር ነው። ኤሲዬ በደንብ እየሠራ መሆኑን በምን ልወቅ ብሎ ጠየቀን። እኛ ክፍል ከገባች መንፈቅ ያልሞላት ልጅ መለሰችለት። ወደ ኤሲው የሚገባው አየርና ከኤሲው የሚወጣው አየር ልዩነታቸው 10 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በፋራናይት ደግሞ 50 መሆን አለበት አለችው። ሰውዬው ቴርሞሜትር ይዞ ለካ። የሚገባው 77፣ የሚወጣው 59። ልዩነቱ 18። እኛ ግን 50 ብለነዋል። በቃ ጋዝ አልቋል ብሎ ቴክኒሻን ጠራ።

በሙያው ያለ ሰው እዚህ ጋ ስቆ ጨርሷል። ለቀራችሁት፦ የሰውዬው ኤሲ ጤነኛ ነበር። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ አየር በፋራናይት 50 ነው፤ ልክ ነው። የ10 ዲግሪ ልዩነት ግን በፋራናይት 18 ነው። በ1.8 ይባዛል፣ አለቀ። ሴልሺየስን ወደ ፋራናይት ስንቀይር የምንደምረው ያ 32 የሚባለው ቁጥር ልዩነት ላይ አይደመርም። እኛ እንዳልነው ቢሆን ኖሮ ከ77 ላይ 50 ተቀንሶ 27 ፋራናይት የሆነ አየር ይወጣ ነበር። ውሃ በ32 በረዶ ይሆናል። ፍሪዘር ሸጥንለት ማለት ነው። ደግነቱ የጠራው ቴክኒሻን ሙያውን የሚያውቅ ሆነ። «ጋዝ እንጨምርበት» ባይ ቢያጋጥመው ኖሮ ኮምፕረሰሩን አስበልቶት ነበር።

ኢሜይሉን አንብቤ ስጨርስ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ።

ልጅቷ መልስ የምትፈልገው ከኤአይ ነው። ሊንክ ደርድሮ «አንተው ፈልግ» ከሚለው ሳይሆን፣ ጥያቄውን ተቀብሎ፣ ድረ-ገጾችን ራሱ አገላብጦ፣ በሦስት አንቀጽ ጠቅልሎ፣ ከየዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ትንንሽ የምንጭ ቁጥር ለጥፎ ከሚያቀርበው። እኔ ደግሞ ይህን ነገር በመቃወም ቢሮው ውስጥ የታወቅሁ ነኝ። ወራት ሙሉ «አንድ ቀን ታዩታላችሁ» ስል ነው የከረምኩት። ቀኑ መጣልኝ።

ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ። የሚገስጽ ሰው ድምፁን ሲቀንስ ክብደት ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ የኒው ዮርኮቹን ጠበቆች አነሳሁላት። በ2023 ነው። ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ በዓለም ላይ የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ለዳኛ አቀረቡ፤ 5,000 ዶላር ተቀጡ። ቀጥዬ የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ዩኒየንና ቢቢሲ በ2025 ያወጡትን ጥናት ጠቀስኩ። ስለ ዜና ተጠይቀው ኤአዮቹ ከሰጡት መልስ 45 በመቶው ቢያንስ አንድ ከባድ ችግር ነበረበት። ከዚያ የምወደውን አመጣሁ፤ የፒዛውን። በግንቦት 2024 ጉግል ከፍለጋው አናት ላይ የኤአይ መልስ ማስቀመጥ እንደጀመረ ሰሞን ነው። አንዱ አይቡ ከፒዛው ላይ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ ቢለው፣ ሶሱ ውስጥ ሙጫ ጨምርበት አለው። ይህን ስናገር ሁሌም ሰው ይስቃል። እሷ አልሳቀችም።

«የሙጫውን እኮ ማሽኑ አይደለም የፈጠረው» አለች።

«እና ማን ነው?»

«ሰው ነው። ሬዲት ላይ ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ሰው ሲቀልድ የጻፈው ነው። ማሽኑ ቀልድ መሆኑ አልገባውም እንጂ ያነበበው በትክክል ነው።»

ይህንን አውቀው ነበር። ግን ታሪኩን ሳወራው ያቺን ክፍል ዘልዬ ነው የማወራው፤ ማማሩን ትቀንስብኛለች።

«ይሁን» አልኳት፣ «ዋናው ነገር ምንጭ አለመክፈትሽ ነው። ቁጥሮቹን ለጌጥ አይደለም የሚለጥፉት።»

«ከፍቻለሁ።»

«ሁሉንም?»

«አራት ነበሩ። አራቱንም።»

እዚህ ላይ መቆም ነበረብኝ። የአነጋገሯ እርጋታ ብቻውን ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ሞቆኛል። «እስቲ አሳዪኝ» አልኳት።

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። «3ኛውን ይክፈቱት» አለች።

ከፈትኩት። ከላይ የራሳችን ድርጅት ዓርማ። ከሥር «የኤሲዎን ጤንነት በቤትዎ እንዴት ይፈትሻሉ?» የሚል ርዕስ። መሐል ላይ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በቅንፍ 50 ፋራናይት። ከታች ዓመቱ፣ 2019። ከዓመቱ ጎን ስሜ።

«የጻፉት እርስዎ ነዎት» አለችኝ።

ስለዚች «እርስዎ» አንድ ነገር ልበል። ልጅቷ ከገባችበት ቀን ጀምሮ አንተ በይኝ እያልኩ ለምኛታለሁ። ቢሮው በሙሉ አንተ ነው የሚለኝ፤ እሷ ብቻ አሻፈረኝ ብላ ከርማለች። ሌላ ጊዜ ትንሽ ታስረጀኝ ነበር እንጂ ችግር የላትም። ያን ቀን ግን የአክብሮት ቃል እንዲህ ሊያቃጥል እንደሚችል ተማርኩ። «አንተ ነህ የጻፍከው» ብትለኝ ልከራከራት እችል ነበር። «እርስዎ ነዎት» ሲሉህ ግን ክርክር የለም። እጅ ከነሡህ በኋላ በጥፊ እንደመምታት ነው።

እሷ ደግሞ ክፋት የላትም፤ ይብስ ልታጽናናኝ ሞከረች። «ሃምሳው ትንሽ በዝቶብኝ ነበር» አለች። «ልጠይቅዎት አስቤ ነበር። ግን ስምዎን ሳየው ምን ብዬ እጠይቃለሁ?»

ልብ በሉ። ልጅቷ እኔ ስሰብክ የከረምኩትን ሁሉ አድርጋለች። ተጠራጥራለች። ምንጩን ከፍታለች። ጸሐፊው ማን ነው ብላ አይታለች። እና የሚታመን ሰው ሆኖ አገኘችው።

የመጨረሻ ተስፋዬ የቀሩት ሦስት ምንጮች ነበሩ። አራት ቦታ ተመሳሳይ ነገር ከተጻፈ ምናልባት እኔም ከሆነ ቦታ ነው የወሰድኩት፤ ጥፋቱ የጋራ ነው። አንደኛውን ከፈትኩ፤ ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ነው። «ቴርሞሜትሩን አየሩ በሚወጣበት በኩል ለ12 ደቂቃ ያስቀምጡ» ይላል። ሁለተኛው የምክር ገጽ ነው። 12 ደቂቃ። አራተኛው ሰዎች እየጠየቁ ሌሎች የሚመልሱበት ነው። «ባለሙያዎች 12 ደቂቃ ይመክራሉ።»

ባለሙያው እኔ ነኝ። ያን ጽሑፍ ስጽፍ ቴርሞሜትሩ ምን ያህል ይቆይ የሚለውን አላውቅም ነበር። መጀመሪያ 10 ብዬ ጻፍኩ። ሳየው ከአየር የተወሰደ መሰለ፤ ከአየርም ነው የተወሰደው። 12 ሳደርገው ሰው ተቀምጦ ያጠናው መሰለ። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እነሆ ሦስት ድረ-ገጽ ላይ፣ በእኔ ስህተት ላይ የእኔ ማኅተም ተመትቶበት አገኘሁት። አራት ምስክር ተብሎ የቀረበው አንድ ሰው ነው፤ አራት ጊዜ የተጠራ።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ሆኜ ማሽኑን ፈተንኩት። የልጅቷን ጥያቄ እንዳለ ሰጠሁት፤ 50 አለኝ። ሌላ ኩባንያ የሠራውን ሌላ ኤአይ ጠየቅሁ፤ እሱም 50፣ እሱም ያው ሰፈር ነው የዞረው። ከዚያ ድር ላይ መፈለጉን አጥፍቼ ስለ ኤሲ ሳላነሳ «የ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት በፋራናይት ስንት ነው?» ብዬ ጻፍኩ። 18 አለኝ። ይግረምህ ብሎ ብዙ ሰዎች 32 እየደመሩ እንደሚሳሳቱ ሁሉ አስረዳኝ። ራሱ አስልቶ ቢሆን ኖሮ አይሳሳትም ነበር። የተሳሳተው እኔን አምኖ ነው።

አለቃችን የጽሑፍ ማብራሪያ ጠየቀ። እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ «ከኢንተርኔት የተገኘ መረጃ በአግባቡ ሳይጣራ ለደንበኛ በመላኩ የተፈጠረ ስህተት ነው።» ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ውሸት ፈልጉ፤ አታገኙም። ከመላኬ በፊት ደግሞ ድረ-ገጹ ላይ ገብቼ 50ውን 18 አደረግሁት። ተስተካክሏል የሚል ማስታወሻ አላኖርኩበትም። ኮፒው ለልጅቷም ደርሷት ነበር። አንብባዋለች። ምንም አላለችም።

በማግስቱ መመሪያ ወጣ። ታትሞ ከፎቶኮፒ ማሽኑ በላይ ተለጠፈ። ቃል በቃል ባልይዘውም መልእክቱ ይህ ነው፦ ከዛሬ ጀምሮ ለደንበኛ የሚሰጥ ቴክኒካዊ መረጃ ከኤአይ መወሰድ የለበትም፤ ምንጩ የድርጅታችን ድረ-ገጽ ብቻ ይሁን።

አሁንም እዚያው ተለጥፎ አለ። ባለፍኩ ቁጥር አያለሁ።

ወደ ጋሼ የሄድኩት ከመመሪያው በኋላ ነው። ጋሼ የጥገና ክፍሉ አንጋፋ ቴክኒሻን ናቸው። ከእኛ ክፍል ሁለት በር አለፍ ብለው ነው የሚቀመጡት። ድሮ ለደንበኛ የሚወጣ ጽሑፍ ሁሉ ሳይታተም በእሳቸው እጅ ያልፍ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ያነቡና ጠርዙ ላይ «ማነው ይህን ያለህ?» ብለው ይጽፋሉ። እኔ ያን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ባለው ዓመት ይህ አሠራር «ሥራ ያጓትታል» ተብሎ ቀረ። ማን እንዳስቀረው አልናገርም። አሁን መመሪያ ነው የሚጽፈው።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ 12ቱንም ጭምር። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እና እኔን መጠየቅ ምን ያህል ይወስዳል?» አሉኝ። «12 ደቂቃ?»

ከሳቁ በኋላ ግን አስተማሩኝ። መጀመሪያ ኤሲው ሩብ ሰዓት ያህል ይሥራ። ከዚያ ቴርሞሜትሩ ቁጥሩ መቀያየር እስኪያቆም ይጠበቅ፤ የደቂቃ ነገር አይደለም። ልዩነቱም አንድ ቁጥር ብቻ አይባልም፤ አየሩ እርጥበት ሲበዛበት ልዩነቱ ይቀንሳል። ጋዝ ደግሞ እንደ ነዳጅ አያልቅም፤ ከጎደለ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። ይህን ሁሉ ቆመው ነው የነገሩኝ፣ ፊልተር እያጠቡ። ማስታወሻ መያዝ አፍሬ በጭንቅላቴ ይዤ ወጣሁ። ክፍሌ ስደርስ ግማሹን ረስቼዋለሁ። ተመልሼ መጠየቅ ደግሞ ከበደኝ። በሬን ዘግቼ ማንን እንደጠየቅሁ መገመት አያቅታችሁም። ምንጮቹን ግን ከፍቻለሁ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ልጅቷ ከወንበሯ ሆና ጠራችኝ። መመሪያው እንዳለ አለ፤ እሷም እንዳለች አለች። ያንኑ ጥያቄ ደግማ ጠይቃው ነበር። መልሱ ተቀይሯል። «በዚህ ጉዳይ ምንጮች ይለያያሉ፤ አንዳንዶቹ 18 ሌሎቹ ደግሞ 50 ፋራናይት ይላሉ» ይላል። በ18 ወገን የቆምነው እኛ ብቻ ነን። በ50 ወገን ከእኛ የገለበጡት ሁሉ ቆመዋል። የዛሬው እኔ ከ2019ኙ እኔ ጋር ተከራክሬ በድምፅ ብልጫ እየተሸነፍኩ ነው።

እሷ ግን የጠራችኝ ለዚያ አልነበረም። ጣቷን ወደ ታች አወረደች። የመጨረሻው መስመር፣ ምንጭ ቁጥር 3፣ ልዩነት የሌለበት፣ ሁሉም የተስማማበት።

«12 ደቂቃውንስ አታስተካክለውም?» አለችኝ።

መልስ ለመስጠት ዘገየሁ። ስለ 12ቱ እያሰብኩ አልነበረም። «አታስተካክለውም» ነው ያለችው። «አያስተካክሉትም» አላለችም።